ጥርት አድርጎ እያየ የታመመ ዓይን፦ የሬቲና ደም ስሮች ሲበላሹ

በየጊዜው አንድ ዓይነት ዜና ይዞራል። «የዓይን ፎቶ አይቶ የልብ ሕመምን የሚተነብይ ሰው ሰራሽ አስተውሎት ተሠራ» ይላል። ወሬው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። አንዱ «እንግዲህ የደም ምርመራ ቀረልን» ይላል። ሌላው «የእኔ ዓይን ጥርት አድርጎ ያያል፣ ምን አገባኝ» ብሎ ያልፈዋል።

የመጀመሪያው ከተረጋገጠው በላይ ይሄዳል። ሁለተኛው ደግሞ ከተረጋገጠው በታች ይቀራል። የሬቲና ደም ስር መበላሸትና የዕይታ መቀነስ አንድ ነገር አይደሉም። በመካከላቸው ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ዓይንን የሚያተርፈው ሕክምና በተሻለ የሚሠራው ደግሞ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ነው። የዓይን ፎቶ እስካሁን ጥቅሙ በተግባር የተረጋገጠው ለዚሁ፣ ማለትም ዓይኑን ራሱን ለማዳን ነው። ስለ ልብ የሚነገረው ገና ብዙ ጥያቄ ያልተመለሰለት ጉዳይ ነው። እንዴት እንደሆነ ከሥሩ እንየው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

## ሳይበጣ የሚታይ ደም ስር

ሬቲና በዓይን ኳስ ውስጥ፣ በስተኋላ በኩል የተነጠፈ ስስ ሽፋን ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ብርሃን ተቀብሎ፣ ወደ ነርቭ መልእክት ቀይሮ ወደ አንጎል የሚልከው እሱ ነው። ሥራው እረፍት የለውም። ስለዚህ ኦክስጅን ይበላል። በክብደቱ ልክ ከተሰላ፣ ከሰውነታችን ክፍሎች በኦክስጅን ፍጆታ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው።

ደም የሚደርሰው በሁለት በኩል ነው። የውስጠኛውን ንጣፍ የሚመግበው በዕይታ ነርቭ መሐል ለመሐል የሚገባ አንድ ደም ቅዳ ነው። ደም ቅዳ ከልብ ደም የሚያመጣው ቧንቧ ነው፤ ደም መልስ ደግሞ ወደ ልብ የሚመልሰው። የውጭኛው ንጣፍ ከሥሩ ካለውና በደም ስር ከተሞላው ኮሮይድ ከተባለ ሽፋን ይመገባል። ዋናው ደም ቅዳ መጠባበቂያ የለውም ማለት ይቻላል። ከተዘጋ ሙሉ በሙሉ የሚተካው ሌላ መንገድ የለም።

ሬቲና መሐል ላይ ማኩላ የምትባል ትንሽ ቦታ አለች። የምናነበው፣ መርፌ ውስጥ ክር የምናስገባው፣ የሰው ፊት የምንለየው በእሷ ነው። እምብርቷ ላይ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር በሚያህል ክብ ውስጥ አንድም ደም ስር የለም። ብርሃኑ ሳይጋረድ እንዲገባ ነው።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ምርመራ ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የፊደል ሰሌዳ በዋናነት የሚለካው የማኩላን አቅም ነው። ጉዳቱ ከማኩላ ውጭ እስካለ ድረስ፣ ሰውየው የመጨረሻዋን መስመር ሳይቀር አንብቦ ሊወጣ ይችላል። «ዓይንህ መቶ በመቶ ነው» መባሉ ስለ ደም ስሮቹ ምንም አይናገርም።

የዓይንን ውስጥ ማየት የተቻለው ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትስ በ1851 ኦፍታልሞስኮፕ የተባለውን መሣሪያ ካስተዋወቀ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የዓይን ብሌን ጥቁር ቀዳዳ ብቻ ነበር። መሣሪያው ሲመጣ በሕይወት ያለ ሰው ደም ስር ቆዳ ሳይበጣ በቀጥታ መታየት ጀመረ። በ1961 ደግሞ ፍሎረሲን የተባለ ቀለም በክንድ ተሰጥቶ በሬቲና ውስጥ ሲፈስ ፎቶ የማንሳት ዘዴ ታተመ። የትኛው ስር እንደሚያፈስና የትኛው እንደተዘጋ መለየት የተቻለው በዚህ ነው። በ1991 ኦሲቲ የሚባለው፣ የሬቲናን ንጣፎች በብርሃን እየለየ የሚያሳይ ምርመራ ተከተለ።

አንድ የተለመደ መምታታት ላይ እግረ መንገድ ላንሳ። ጠዋት ተነስተው የዓይንዎ ነጭ ክፍል ደም ለብሶ ቢያዩት፣ ያ የሬቲና ደም መፍሰስ አይደለም። በላይኛው ስስ ሽፋን ሥር ያለች ስር ፈንድታ ነው። ያስደነግጣል እንጂ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት አካባቢ ራሱ ይጠፋል። የሬቲናው ደም ግን በመስታወት አይታይም።

## ስኳር፦ መጀመሪያ ያፈሳል፣ ቀጥሎ ይዘጋል

የሬቲናን ደም ስር ከሚያበላሹት ሁሉ በብዛት የሚታወቀው የስኳር ሕመም ነው። በዓለም ላይ ስኳር ካለባቸው ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ በተለያየ ደረጃ የሬቲና ጉዳት አለበት። በ2020 ቁጥራቸው ወደ 103 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል። ሕክምናው ይህን ዲያቤቲክ ሬቲኖፓቲ ይለዋል።

ነገሩ የሚጀምረው በጣም ቀጭን በሆኑት ስሮች፣ በካፒላሪዎች ነው። የካፒላሪን ግድግዳ ከውጭ አቅፈው የሚይዙ ፔሪሳይት የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። ሬቲና ላይ ከሌላው አካል በርከት ብለው ይገኛሉ። የደም ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ እነዚህ ሕዋሳት ይሞታሉ። ድጋፍ ያጣው ግድግዳ በየቦታው ይነፋል። ይህ እብጠት ማይክሮአኒዩሪዝም ይባላል። ፎቶው ላይ ጫፉ በተቀረጸ እርሳስ የተነካ ቀይ ነጥብ ይመስላል። ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያያት ምልክት እሷ ናት። ታማሚው በዚህ ጊዜ ምንም አይሰማውም።

ከዚህ በኋላ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንደኛው ፍሳሽ ነው። ጤነኛ የሬቲና ስር ደሙን አጥብቆ ይይዛል፤ ማንኛውንም ነገር አያሳልፍም። ያበጠው ግን ውሃ፣ ፕሮቲንና ስብ ያሳልፋል። ስቡ ሲከማች ቢጫ ጠጠር የመሰለ ነጠብጣብ ይሠራል። ውሃው ማኩላ ላይ ከደረሰ ማኩላ ያብጣል። ያኔ ፊደል ይደበዝዛል፣ ቀጥ ያለው መስመር ይጣመማል። በስኳር ሕመም ዕይታቸው ከሚቀንስባቸው ሰዎች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው።

ሁለተኛው መዘጋት ነው። ካፒላሪዎቹ አንድ በአንድ ደም ማሳለፍ ያቆማሉ። ደም ያጣው የነርቭ ክር በውስጡ የሚያመላልሰው ነገር እዚያው ይቆማል፤ ፎቶ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ምልክት ይታያል። ደም መልሶቹ እንደ መቁጠሪያ እዚህ ጠበብ እዚያ ሰፋ ማለት ይጀምራሉ። ሐኪሞች የከፋውን ደረጃ ለመለየት «4-2-1» የሚሉት ደንብ አላቸው። ሬቲናን በአራት ይከፍሉታል። በአራቱም ክፍል ብዙ የደም ነጥብ ካለ፣ ወይም በሁለቱ ደም መልሱ መቁጠሪያ ከመሰለ፣ ወይም በአንዱ ያልተለመደ የካፒላሪ መጠላለፍ ከታየ፣ ጉዳቱ ከባድ ነው። እዚህ የደረሰ ዓይን በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ መጨረሻው ደረጃ የመሻገር ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ያህል ነው። ልብ በሉ፣ በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሰውም መኪና እየነዳ፣ ጋዜጣ እያነበበ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ደረጃ ምንድን ነው? ኦክስጅን ያጣው ሬቲና ዝም ብሎ አይሞትም። የድረሱልኝ ጥሪ ያሰማል። አይዛክ ማይክልሰን የተባሉ ሐኪም እንዲህ ዓይነት ንጥረ ነገር መኖር አለበት ብለው የገመቱት በ1948 ነው። ንጥረ ነገሩ በ1989 ተለይቶ ቪኢጂኤፍ የሚል ስም ወጣለት። በ1994 ደግሞ በታማሚዎች ዓይን ፈሳሽ ውስጥ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሥራው አዲስ ደም ስር ማብቀል ነው። ችግሩ የሚበቅሉት ስሮች ደካሞች መሆናቸው ነው፤ ቦታቸውንም አያውቁም። ወደ ሬቲናው ውስጥ ከመግባት ይልቅ ላዩ ላይ ወጥተው የዓይኑን ውስጥ የሞላውን ጄል ተንተርሰው ይሄዳሉ። ጄሉ ሲጎትታቸው ይደማሉ። ሰውየው ድንገት ጥቁር ክር፣ የሸረሪት ድር ወይም ጥላ ያያል። ስሮቹ ወደ ጠባሳ ሲቀየሩ ደግሞ ሬቲናውን ጎትተው ከቦታው ሊያላቅቁት ይችላሉ።

ለታማሚው ይህ ሁሉ የአንድ ሌሊት ጉዳይ ይመስላል። ዓይኑ ግን ውስጥ ውስጡን ሲጎዳ ዓመታት አልፈዋል።

## ስኳርን ቶሎ ማውረድ ዓይን ይጎዳል ወይ?

ይህ ክርክር በቅርብ ዓመታት ደጋግሞ ይነሳል። ምክንያቱ ለስኳርና ለክብደት መቀነሻ የሚወሰዱት አዳዲስ መርፌዎች ናቸው። ሴማግሉታይድ በተባለው መድኃኒት ላይ ተሠርቶ በ2016 የታተመው ጥናት፣ የሬቲና ችግር የገጠማቸው ሰዎች መድኃኒቱን ከወሰዱት 3 በመቶ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 1.8 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም ዜና ሆነ።

አንደኛው ወገን ጉዳዩን ከመድኃኒቱ ራሱ ጋር ያያይዘዋል። ሌላው ወገን ግን ይህ ነገር አዲስ አይደለም ይላል። በ1993 ውጤቱ የታተመውና በአንደኛው ዓይነት ስኳር ላይ የተሠራው ትልቅ ጥናት ተመሳሳይ ነገር አይቶ ነበር። ስኳራቸው ጠበቅ ተደርጎ እንዲወርድ ከተደረጉት ሰዎች የአንዳንዶቹ ሬቲና በመጀመሪያው ዓመት ባሰበት። ዓመታት ሲቆጠሩ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ጠበቅ ያለው ቁጥጥር የሬቲና ጉዳት እንዳይጀምር በማድረግ ረገድ አደጋውን በ76 በመቶ ቀነሰ። ጉዳቱ ጀምሮ ከነበረ ደግሞ የመባባሱን አደጋ በ54 በመቶ አወረደው።

ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው ወገን ያደላል። በ2016ቱ ጥናት የተጎዱት በአብዛኛው ቀድሞ የሬቲና ጉዳት የነበረባቸውና ስኳራቸው በፍጥነት የወረደ ነበሩ። ስለዚህ ጥያቄው «መድኃኒቱን ልተው?» መሆን የለበትም። «ከመጀመሬ በፊት ሬቲናዬ ታይቷል ወይ?» ነው መሆን ያለበት።

## ግፊት እና መስቀለኛው ቦታ

የደም ግፊት ሬቲናን የሚነካው በሌላ መልክ ነው። ደም ቅዳዎቹ ይጠባሉ፣ ግድግዳቸው ይወፍራል፣ ይደነድናል። ሬቲና ላይ ደም ቅዳና ደም መልስ የሚሻገሩበት ቦታ አለ። እዚያ ቦታ ላይ ሁለቱ በአንድ ሽፋን ተጠቅልለው ያልፋሉ። ብዙውን ጊዜ ደም ቅዳው ከላይ ነው። ሲደነድን ከሥሩ ያለውን ለስላሳ ደም መልስ ይጫነዋል። ፎቶ ላይ ደም መልሱ እዚያች ነጥብ ላይ የተቆረጠ ይመስላል። ስኮትላንዳዊው የዓይን ሐኪም ማርከስ ገን ይህን ምልክት በ1890ዎቹ ገልጸውታል። ዛሬም በስማቸው ይጠራል።

ጫናው ከበረታ ደሙ እዚያ ላይ ይረጋል። የቅርንጫፍ ደም መልስ መዘጋት የሚባለው ይህ ነው። ደሙ መውጫ ሲያጣ ወደ ኋላ ይመለስና የእሳት ነበልባል በሚመስል ቅርጽ ይፈሳል፤ ብዙ ጊዜ በሬቲናው አንድ ሩብ ብቻ ተወስኖ ይቀራል። የተዘጋው ዋናው ደም መልስ ከሆነ ግን ሬቲናው ከዳር እስከ ዳር ደም ይለብሳል። በከባዱ ዓይነት ከሳምንታት እስከ ወራት ባለው ጊዜ ውስጥ አይሪስ ላይ፣ ማለትም ባለ ቀለሙ የዓይን ክፍል ላይ፣ አዲስ ስር ሊበቅልና የዓይኑን ፈሳሽ መውጫ ሊዘጋው ይችላል። ውጤቱ የሚያሠቃይ ግላኮማ፣ ማለትም በዓይን ውስጥ በሚጨምር ግፊት የሚመጣ ጉዳት ነው። ክትትሉ እነዚያ ወራት ላይ ጠበቅ የሚለው ለዚህ ነው።

የግፊትን ጉዳት በአራት ደረጃ የመክፈሉ ልማድ የመጣው በ1939 ነው። አሁን ብዙዎች ይተቹታል። አንደኛውንና ሁለተኛውን ደረጃ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ ሁለት ሐኪሞች አንድ ፎቶ አይተው የተለያየ ሊሉ ይችላሉ። ስለዚህ ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ብሎ በሦስት መክፈል ይሻላል የሚሉ አሉ። ትችቱ ውኃ የሚያነሳ ይመስላል። ከባዱ ላይ ግን ክርክር የለም። ግፊቱ እጅግ ከፍ ብሎ የዕይታ ነርቩ ጫፍ ካበጠ፣ ያ ቀጠሮ የሚሰጠው ጉዳይ አይደለም። በዚያው ቀን ሆስፒታል መግባት ያስፈልጋል።

## ድንገት፣ ያለ ሕመም፣ በአንድ ዓይን

ደም ቅዳው ሲዘጋ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ዓመታት የሚባል ነገር የለም። በደቂቃ ውስጥ አንድ ዓይን መብራት እንደጠፋበት ክፍል ይሆናል፤ ሕመምም የለውም። ሐኪሞች የዓይን ስትሮክ ይሉታል። ስያሜው የተጋነነ አይደለም። መንስኤው ብዙውን ጊዜ ከአንገት ደም ቅዳ ወይም ከልብ ተነቅሎ የመጣ የኮሌስትሮል ወይም የረጋ ደም ስባሪ ነው። ቀጣዩ ስባሪ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። የዚህ ዓይነት ታማሚ የአንጎል ስትሮክ አደጋው በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከፍተኛ ነው።

በዝንጀሮዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ዋናው ደም ቅዳ ለ97 ደቂቃ ያህል ተዘግቶ ሲከፈት ሬቲናው ሳይጎዳ ተርፏል። ለ4 ሰዓት ሲዘጋ ግን ጉዳቱ ሰፊና የማይመለስ ሆኗል። ስለዚህ «ትንሽ ልተኛና ጠዋት ልየው» ማለት ውድ ስህተት ነው። ለደቂቃዎች ጠፍቶ የተመለሰ ዕይታም ቢሆን ያው ማስጠንቀቂያ ነው።

የረጋውን ደም በመድኃኒት ማቅለጥ ይቻላል ወይ የሚለው አሁንም ያከራክራል። መድኃኒቱን በቀጭን ቱቦ እስከ ዓይን ደም ቅዳ አድርሶ የመስጠት ዘዴ በአውሮፓ ተፈትኖ፣ በ2010 የታተመው ውጤት ከተለመደው ሕክምና የተሻለ ሆኖ አልተገኘም፤ የጎንዮሽ ጉዳቱም በዛ። ተቺዎች ግን ታማሚዎቹ ሕክምናውን ያገኙት ዘግይተው ስለነበር ፈተናው ፍትሐዊ አልነበረም ይላሉ። ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ታማሚው በቀጥታ ስትሮክ ወደሚታከምበት ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት።

ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ከዕይታው ጋር አዲስ ራስ ምታት፣ ሲያኝክ የመንጋጋ ሕመም ወይም ሲያበጥር የራስ ቆዳው የሚያመው ከሆነ፣ የደም ቅዳ ግድግዳ መቆጣት ይጠረጠራል። ይህ በፍጥነት ስቴሮይድ ካልተጀመረለት ሁለተኛውንም ዓይን ሊወስድ ይችላል።

## ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት

የሬቲና ደም ስሮች ከዕይታ ነርቩ ጫፍ ተነስተው ወደ ዳር የሚያድጉት በእርግዝና ወቅት ነው። ዳር የሚደርሱት መውለጃው ሲቃረብ ነው። ሕፃኑ ቀድሞ ከተወለደ ሥራው ሳያልቅ ይቋረጣል። ከዚያ ያልተዳረሰው ክፍል ኦክስጅን ሲያጥረው ያንኑ ቪኢጂኤፍ ያመነጫል፤ የተመሰቃቀለ ስርም ይበቅላል።

በሽታው በ1942 ቦስተን ውስጥ ተገለጸ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አንድ ተጠርጣሪ ተገኘለት፤ ሕፃናቱን ለማዳን ያለ ገደብ የሚሰጠው ኦክስጅን። ያኔ ኦክስጅኑ ተቀነሰ። ዓይነ ስውርነት ቀነሰ። ነገር ግን የሚሞቱ ሕፃናት በዙ። ይህ ሚዛን ዛሬም አልተፈታም። በ2010 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሁለት የኦክስጅን መጠኖችን አወዳድሮ ነበር። ዝቅ ባለው መጠን ከባዱ የዓይን ጉዳት ከ17.9 በመቶ ወደ 8.6 በመቶ ወረደ። ሞት ግን ከ16.2 ወደ 19.9 በመቶ ወጣ። አንድ ቁጥር ብቻ ቢነበብ ኖሮ ድል ይመስል ነበር።

የሚሻለው መንገድ ሕፃኑን በሚያስፈልገው ኦክስጅን ማቆየትና ዓይኑን በጊዜው ማየት ሆኗል። ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ብዙ ሕፃናት የመጀመሪያው የሬቲና ምርመራ ከተወለዱ በአራተኛው ሳምንት አካባቢ ይደረግላቸዋል። ወላጅ «ዓይኑ እኮ ብርሃን ይከተላል» ብሎ ቢያዘገየው የሕክምናው ጊዜ ሊያልፍ ይችላል።

ሌሎችም አሉ። ሲክል ሴል የተባለው የደም ሕመም የዳሩን ስሮች ይዘጋል። ኮትስ የሚባለው፣ በብዛት ወንዶች ልጆች ላይ በአንድ ዓይን የሚታየው፣ ስሮቹን አስፍቶ ያፈሳል፤ የልጁ ብሌን በፎቶ ፍላሽ ነጭ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ነጭ ብሌን የዓይን ካንሰር ምልክትም ስለሚሆን ፈጽሞ አይታለፍም።

## ሌዘር፣ መርፌ እና የቀጠሮ ጉዳይ

ለረጅም ጊዜ ዋናው ሕክምና ሌዘር ነበር። አሠራሩ ሲሰማ ግራ ያጋባል፤ ሬቲናን ለማዳን ሬቲናን ማቃጠል ነው። የዳሩ ክፍል በብዙ መቶ ነጥቦች ሲተኮስ የኦክስጅን ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ የቪኢጂኤፍ ጥሪውም ይረግባል። ግንዱን ለማትረፍ የዳር ቅርንጫፍ እንደመቁረጥ ነው። በ1976 ውጤቱ የታወቀው የአሜሪካ ጥናት ሌዘሩ ከባድ የዕይታ ማጣትን ቢያንስ በግማሽ እንደሚቀንስ አሳየ። ዋጋው የጎን ዕይታና የማታ ዕይታ መቀነስ ነው።

ከዚያ ቪኢጂኤፍን የሚያጠፉት መርፌዎች መጡ። መድኃኒቱ ዓይን ውስጥ፣ ጄሉ ላይ ይወጋል። ሲሰሙት ይዘገንናል። በማደንዘዣ ጠብታ ስለሚሠራ ግን ሕመሙ ቀላል ነው፤ ኢንፌክሽን የመፍጠር አደጋውም ከሺህ መርፌ ከአንድ ያነሰ ነው። ማኩላ ሲያብጥ ሌዘር ማድረግ የሚችለው ጉዳቱን ባለበት ማቆም ነበር። መርፌው ለብዙዎች የጠፋውን ዕይታ በከፊል መለሰ።

እዚህ ላይ ሁለት ክርክሮች አሉ። የመጀመሪያው የዋጋ ነው። ከመርፌዎቹ አንዱ የሆነው ቤቫሲዙማብ በ2004 የተፈቀደው ለአንጀት ካንሰር ነው። ራኒቢዙማብ በ2006 ለዓይን ተፈቀደ። ሁለቱ መድኃኒቶች ቅርብ ዘመዶች ናቸው። በአሜሪካ ግን የቤቫሲዙማብ አንድ መጠን 50 ዶላር ገደማ፣ የራኒቢዙማብ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። በ2011 የታተመ ጥናት በዕድሜ ምክንያት በሚመጣ የማኩላ ሕመም ላይ ሁለቱ እኩል እንደሚሠሩ አሳየ። የርካሹ ተቃዋሚዎች መድኃኒቱ ወደ ትናንሽ መርፌዎች ሲከፋፈል ሊበከል ይችላል ይላሉ፤ ይህ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ2013 ለዓይን ሕክምና በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። በስኳር ለሚመጣው የማኩላ እብጠት ዕይታው በጣም የቀነሰ ሰው በመጀመሪያው ዓመት አፍሊበርሰፕት በተባለው ሌላ መድኃኒት የተሻለ ውጤት እንደሚያገኝ በ2015 ታይቷል። ስለዚህ ሁሉም ለሁሉም እኩል ነው ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ክርክር ብዙ አይወራለትም እንጂ ከዋጋው ይብሳል። መርፌው የሚሠራው እስካለ ድረስ ነው። መጀመሪያ ላይ ብዙውን ጊዜ በየወሩ ይወጋል፣ ከዚያ ይራራቃል። ሌዘሩ ግን ውጤቱ ይቆያል። አዲስ ስር የበቀለባቸው ታማሚዎች መርፌ ብቻ ሲሰጣቸው ቆይተው ለወራት ከጠፉ፣ ሌዘር ተሠርቶላቸው ከጠፉት የባሰ ሁኔታ ላይ ሆነው እንደሚመለሱ ታይቷል። ቀጠሮ ለማክበር የሚያስቸግረው ሰው፣ የቱንም ያህል መርፌው ዘመናዊ ቢሆን፣ ስለ ሌዘር መጠየቁ አይከፋም።

የደም ግፊትን መቆጣጠርም ራሱን የቻለ የዓይን ሕክምና ነው። በ1998 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት፣ ስኳር ባለባቸው ሰዎች ግፊትን ጠበቅ አድርጎ መያዝ የሬቲና ጉዳት መባባስን በ34 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል።

## ታዲያ ፎቶው የልብን ነገር ይናገራል ወይ?

ወደ ዜናው እንመለስ። የጎግል ተመራማሪዎች በ2018 ያሳተሙት ጥናት የብዙዎቹ ዜናዎች ምንጭ ነው። ማሽኑን ከ284 ሺህ በላይ ሰዎች ፎቶ አስተማሩት። ከሬቲና ፎቶ ብቻ ጾታን፣ ዕድሜን፣ ሲጋራ ማጨስን፣ የደም ግፊትን ገመተ። ዕድሜን የሚስተው በአማካይ በሦስት ዓመት ከሩብ ብቻ ነው። ይህ በእውነት ያስደንቃል።

የልቡ ትንበያ ግን ቁጥሩ 0.70 ነበር። በዚህ መለኪያ 1 ማለት ፍጹም መለየት፣ 0.5 ማለት በዘፈቀደ መገመት ነው። ዕድሜን፣ ግፊትንና ማጨስን የመሳሰሉትን ደምሮ የሚያሰላው የቆየው የአውሮፓ ቀመር በዚያው ጥናት 0.72 አግኝቷል። አንድም ማሽኑ ሰውየውን ሳይጠይቅ፣ ግፊቱን ሳይለካ ከቀመሩ ጋር ተቀራረበ ማለት ይቻላል። አንድም ግፊት መለኪያና አራት ጥያቄ የሚነግሩንን ነው የነገረን ማለት ይቻላል። ሁለተኛው አነጋገር ለጊዜው ይበልጥ ሚዛን ይደፋል። የጎደለው ማስረጃ ይህ ነው፤ በፎቶው መሠረት ሕክምና የጀመሩ ሰዎች፣ በተለመደው መንገድ ከተመረመሩት ያነሰ የልብ ድካም ገጥሟቸዋል ወይ?

የዓይኑን ሕመም በመለየት በኩል ግን ማሽኖቹ ጠንካራ ናቸው። በአሜሪካ በሚያዝያ 2018 ያለ ሐኪም ራሱ ወስኖ ውጤት የሚሰጥ የመጀመሪያው ፕሮግራም ተፈቀደ። ከቀላል ደረጃ ያለፈውን የስኳር ሬቲኖፓቲ በፈተናው ወቅት 87 በመቶ ያህል ለይቷል። ከቤተ ሙከራ ሲወጣ ግን ነገሩ ይቸግራል። ጎግል ተመሳሳይ መሣሪያውን በታይላንድ 11 ክሊኒኮች ሲሞክር፣ ከፎቶዎቹ 21 በመቶ ያህሉን ማሽኑ ጥራት የላቸውም ብሎ መለሳቸው። አንዱ ትልቅ ምክንያት የክፍሉ ብርሃን ነበር። ፎቷቸው የተመለሰባቸው ሰዎች ሕመም ባይኖርባቸውም ወደ ሩቅ ሐኪም ሊላኩ ሆነ።

ሰውም ሆነ ማሽን ያንብበው፣ በመደበኛነት መታየቱ ራሱ ለውጥ ያመጣል። በእንግሊዝና ዌልስ የስኳር ታማሚዎችን ሬቲና በየጊዜው ፎቶ የማንሳት አገር አቀፍ ፕሮግራም ከተስፋፋ በኋላ፣ የስኳር ሬቲኖፓቲ ለሥራ በደረሱ ሰዎች ላይ ቀዳሚ የዓይነ ስውርነት መንስኤ መሆኑ በ50 ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀርቷል። የተለመደው መመሪያ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው ሕመሙ በታወቀበት ጊዜ፣ አንደኛው ዓይነት ያለበት ደግሞ በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲታይ ይላል። ከዚያ በየዓመቱ፣ ሬቲናው ንጹሕ ሆኖ ከቆየ ደግሞ ትንሽ ተራርቆ ይቀጥላል። ስኳር እያላት ያረገዘች ሴት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መታየት አለባት፤ እርግዝና ጉዳቱን ሊያፋጥነው ይችላል።

ውጤት ሲቀበሉ አንድ ነገር ማጣራት ይበጃል። እነዚህ የስኳር ምርመራ ፕሮግራሞች የሚመልሱት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ሐኪም ዘንድ ይላክ ወይስ በ12 ወር ይመለስ?» ማሽኑ «የለም» ሲል የስኳር ሬቲኖፓቲ አላየሁም ማለቱ ነው። ግላኮማን፣ የዓይን ሞራን ወይም ዕጢን አልፈለገም። የማኩላ እብጠትም መጠኑ በደንብ የሚታወቀው በኦሲቲ ነው። የብሌን ማስፊያ ጠብታ ከተደረገልዎ ደግሞ ለጥቂት ሰዓታት ቅርቡ ይደበዝዛል፣ ብርሃን ያስቸግራል፤ መኪና ይዘው አይሂዱ።